የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ «የምወደው ገጸ ባሕርይ» ዓመት

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ዘንድሮ ግጥም ማንበቡንም ጭውውት ማዘጋጀቱንም ቀነስ አድርጎ ገጸ ባሕርያትን ሲመረምር ከረመ። እያንዳንዱ አባል ከጥንታዊ ድርሰት ወይም ከአፈ ታሪክ አንድ የሚወደውን መረጠ፤ ለምን እንደወደደውም ከመጽሐፉ በማስረጃ እንዲያሳይ ተጠየቀ።

በጥቅምት የቀረቡት የገጸ ባሕርይ መግለጫ ካርዶች ቅጽል ብቻ ነበሩ። «ኦዲሴየስ ብልህ፣ ጀግናና ታጋሽ ነው።» እዚህ ላይ ከትሮይ ጦርነት የግሪክ ጀግኖች የአንዱን የኦዲሴየስን ስም አውጥቶ የሌላውን የአኪሊስን ቢያስገቡት ዓረፍተ ነገሩ አይናጋም። ይህ የሚሆነው ተማሪው ያነበበውን ትቶ በፈተና የለመደውን መልስ ስለሚጽፍ ነው። ስለዚህ ካርዱን አንድ ገጽ፣ አራት ክፍል አደረግነው፦ ምን አደረገ፣ ምን ተናገረ፣ ሌሎች ስለ እሱ ምን አሉ፣ ምርጫው ምን አስከፈለው። ለየክፍሉ ቢያንስ አንድ ቦታ ከነምዕራፉ ይጠቀሳል። ቅጽል የሚፈቀደው አራቱ ክፍሎች ከሞሉ በኋላ ነው፤ እሱም አንድ ብቻ።

ከሁሉ የጠቀመን አራተኛው ክፍል ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ ሆሜር የኦዲሴየስን ከጦርነት ወደ አገሩ መመለስ በሚተርክበት በኦዲሴ 9ኛ መጽሐፍ ኦዲሴየስ ለባለ አንድ ዓይኑ ግዙፍ ለፖሊፌመስ «ስሜ ማንም ነው» ይለዋል። ኦዲሴየስ ዓይኑን ካጠፋው በኋላ ጎረቤቶቹ ማን እንደጎዳው ሲጠይቁት «ማንም» ብሎ ስለሚመልስ ጥለውት ይሄዳሉ። እስከዚህ ድረስ ብልሃት ነው። መርከቡ ከባሕሩ ዳር ሲርቅ ግን ኦዲሴየስ ዝም ማለት ያቅተዋል፤ ስሙን፣ የአባቱን ስምና አገሩን ጠርቶ ይፎክራል። ፖሊፌመስም ስሙን ስላወቀ አባቱን የባሕር አምላክ ፖሲዶንን ለምኖ በስሙ ይረግመዋል፤ ጓደኞቹን ሁሉ አጥቶ፣ ዘግይቶ፣ በሰው መርከብ አገሩ እንዲገባ። እርግማኑም ይደርሳል። «ብልህ» ብሎ የጀመረው ካርድ በመጨረሻ «ስም ወዳድ» በሚል ተቋጨ። ተማሪው ግን ኦዲሴየስን ከቀድሞው አብልጦ ወደደው፤ ትክክልም ነበር።

የኦዲሴየስን ሚስት ፔኔሎፒን የመረጡ ሁሉ የጻፉት ስለ ሽመናው ነው። የአማቷን መግነዝ ሠርቼ ስጨርስ አገባለሁ ብላ፣ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየፈታች ባሏ በሌለበት ለጋብቻ የሚጠይቋትን ሦስት ዓመት አቆየቻቸው፤ በአራተኛው አንዲት ገረድ አጋለጠቻት። ይህ የታወቀ ነው። እኔ ግን አባላቱን 23ኛው መጽሐፍ ድረስ እንዲዘልቁ አጥብቄ እመክራለሁ። እዚያ የተመለሰው ሰው በእርግጥ ባሏ ኦዲሴየስ መሆኑን ለመፈተን፣ አልጋው ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ይነጠፍለት ብላ ሞግዚቷን ታዛለች። የአልጋው አንድ እግር ግን ከሥሩ ያልተነቀለ የወይራ ግንድ ነው፤ አይነቃነቅም። ይህን የሚያውቀው ኦዲሴየስ ይቆጣል፤ በቁጣውም ማንነቱ ይረጋገጣል። ሁሉን ሲያታልል የኖረውን ሰው ያወጣጣችው እሷ ናት።

ካርዶቹን ያበላሸ ሌላው ነገር ፊልም ነው። የአኪሊስ ብቸኛ ደካማ ቦታ የተባለው ተረከዙ ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ የለም። ግሪኮች ተደብቀው ትሮይ የገቡበት የእንጨቱ ፈረስም እዚያ የለም፤ ኢሊያድ የሚያልቀው በትሮዩ ጀግና በሄክተር ቀብር ነው፣ ፈረሱ የሚነሳው በኦዲሴ ነው። ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገው ሜዱሳም እንዲሁ፤ ግሪካዊው ገጣሚ ሔሲዮድ ከሦስት እህትማማቾች ሟቿ እሷ ብቻ እንደነበረች ሲነግረን፣ ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ደግሞ ቆንጆ ሳለች ሴቷ አምላክ አቴና ፀጉሯን እባብ እንዳደረገችባት ይተርካል። ሁለቱን የቀላቀለ ካርድ ሦስተኛዋን፣ የማንም ያልሆነችውን ሜዱሳ ይፈጥራል። ስለዚህ በካርዱ አናት ላይ «የማን ትረካ» የሚል መስመር ጨመርን።

ለባሕር አውሬ መብል ተሰጥታ የዳነችው አንድሮሜዳ በግሪኮች ትረካ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌውስ ልጅ በመሆኗ ብዙ መራጭ አገኘች። ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር፤ ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት የዓለም ዳር ያኖራቸዋል፤ ስለዚህ ያንን አገር ከዛሬው ካርታ ጋር ማጋጠም አይቻልም። ቤተሰቡን ግን ስማቸውን በያዙት የኮከብ ስብስቦች በሰማይ ማየት ይቻላል። በኅዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት 3 ሰዓት ገደማ ፊትን ወደ ሰሜን ማዞር ነው። በውበት ትምክህቷ ጥፋቱን ያመጣችው እናት ካሲዮፒያ በአምስት ኮከቦች የተገለበጠ «ሠ» ትመስላለች። ሴፌውስ ከእሷ በስተ ግራ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ኮከቦቹ ደብዛዛ ስለሆኑ የመንገድ መብራት ካለ አይታይም። አንድሮሜዳ ከእናቷ በላይ ወደ አናት፣ አዳኟ ፐርሴውስ በስተ ቀኝ ናቸው። ሊበላት የመጣውን የባሕር አውሬ ለማየት ወደ ደቡብ መዞር ይበቃል።

ከአገራችን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን ልቦለድ (1958 ዓ.ም.) ያዝን። ካርዱ ከሁሉ የተሳካው የዘመኑን ልማድ በመንቀፉ ሰው እንደ እብድ ለሚያየው ለጉዱ ካሳ ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ይጋጫሉ። እሱ የሚናገረውና ሰው ስለ እሱ የሚያወራው ጎን ለጎን ሲጻፍ፣ አንባቢው ማን እንደሳተ ራሱ ይፈርዳል። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ቀለል ይላል፤ እያንዳንዱ ሥራው ራሱን ይመሰክራል።

በግንቦት ስለ ልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ «የበዛብህን ዕጣ ያበላሸው ማን ነው?» የሚል ችሎት አካሄድን። ተከሳሾቹ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት የተሳሉት ስለት፣ የፍቅረኛው አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቤትና በዛብህ ራሱ ነበሩ። ለየተከሳሹ ሁለት ከሳሽና ሁለት ተከራካሪ ተመደበ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ፣ ከገጽ ያልተጠቀሰ ቃል አይቆጠርም። በልምምድ ላይ ብዙዎች አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ በሰጠው የድምፅ ቃና ላይ ተመርኩዘው ተከራከሩ። ትረካው ድንቅ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ቃሉ እንጂ ቃናው አይደለም። ዳኞቹ ስለቱን ጥፋተኛ ሲሉ፣ በዛብህን የከሰሱት ግን የተሻለ ማስረጃ አቅርበው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የመጨረሻው ቡድን ሰዓት ባያጥረው ፍርዱ ይለወጥ ነበር።

ካርዶቹ በቤተ መጻሕፍቱ በገጸ ባሕርያቱ ስም በፊደል ተራ ተቀምጠዋል፤ ማንም ተውሶ ማንበብ ይችላል። በመስከረም የምንጀምረው በጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት በሶፎክሊስ ተውኔት በአንቲጎኔ ነው። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ የንጉሡን የክሬዎንንና የአንቲጎኔን ሁለት ካርዶች ሞልቶ ይምጣ፤ የክሬዎን አራተኛ ክፍል ባዶ እንዳይሆን።