ረጃጅም ተጫዋቾቻችን ልባቸው ይታይ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

አሜሪካዊቷ መረብ ኳስ ተጫዋች ፍሎ ሃይማን 1.96 ሜትር ትረዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ በ1986 ጃፓን ውስጥ ተቀይራ ከሜዳ እንደወጣች ወደቀች፤ በ31 ዓመቷ አረፈች። ማርፋን የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ከልብ የሚነሳውን ትልቁን የደም ቧንቧ ቀድዶት ነበር። እሷ በሕይወት ሳለች ማንም አላወቀውም! ወንድሟ ግን ከሞቷ በኋላ ተመርምሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

እኛም ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ለመረብ ኳስ አስቀድመን የምንመርጠው ረጅሙን ልጅ ነው። ቁመት በራሱ በሽታ አይደለም። ነገር ግን የማርፋን ምልክት የሚታይበት፣ ማለትም ክንዱና ጣቶቹ ከቁመቱ ጋር ሲተያዩ እጅግ የረዘሙ፣ የሩቁን አጥርቶ የማያይ ተማሪ ሲገኝ፣ አሰልጣኞች ልቡ በአልትራሳውንድ ሳይታይ አታሰልፉት። የዞን ስፖርት ኃላፊዎችም ከሆስፒታሎች ጋር ተነጋገሩ፤ እባካችሁ።

አንድ የመረብ ኳስ ወዳጅ
ከደብረ ማርቆስ