በረዶ ላይ ለምታድሪበት ሌሊት

ውድ ልጄ፣

ከጓደኞችሽ ጋር በስኖውሹ (በረዶ ውስጥ ላለመስመጥ ጫማ ሥር በሚታሰረው ሰፊ መርገጫ) ተራራ ወጥታችሁ ልታድሩ ማሰባችሁን ስትነግሪኝ ቀድመሽ የጠየቅሽኝ ስለ ጃኬት ውፍረት ነው። ጃኬቱ ይደርሳል። ከሁሉ በፊት እርጥበትን ፍሪልኝ። ደረቅ ከሆንሽ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪን ትችይዋለሽ፤ ከረጠብሽ ግን ዜሮ ዲግሪም ይበዛብሻል።

እርጥበቱ የሚጀምረው ከራስሽ ላብ ነው። መንገድ ስትጀምሪ ትንሽ ይብረድሽ። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከሞቀሽ ሳታፍሪ አስቁሚያቸውና አንድ ልብስ አውልቂ። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ካልሲም የውስጥ ልብስም ቢሆን ጥጥ የሆነውን ቤት ተይው። ገላሽን የሚነካው ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ይሁን። ወፍራሙ ጃኬት ስትቆሚ እንጂ ስትሄጂ አይለበስም፤ ቶሎ እንድታወጪው ቦርሳሽ አፍ ላይ አድርጊው። አንድ ጥንድ ካልሲ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ለመኝታ ብቻ አስቀምጪ፣ ቀን ምንም ቢመጣ እንዳትነኪው። አዲስ በረዶ የሚከፍተው የፊተኛው ሰው ከሁሉም በላይ ስለሚያልበው በየ10 እና 15 ደቂቃው ተቀያየሩ። በረዶው ጉልበት ከደረሰ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር መሄድም ከባድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር በላይ አታቅዱ። ፀሐይ ከመጥለቋ 2 ሰዓት በፊት የምታድሩበት ቦታ መድረስ አለባችሁ።

መንገዱን ስትመርጪ ተዳፋቱን ለኪ። አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ቦታ ነው። በ1፡25,000 ካርታ ላይ የ20 ሜትር ከፍታ ልዩነት ያላቸው መስመሮች እርስ በርስ ከ1.4 ሚሊ ሜትር በታች ከተቀራረቡ ተዳፋቱ ከ30 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። እንዲህ ካለው ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም አትሂዱ፣ ናዳው ወርዶ የሚያርፈው እዚያ ነውና። የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ ሳታዩ አትነሱ። እያንዳንዳችሁ የናዳ ሬዲዮ (የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም መሣሪያ)፣ በረዶ ውስጥ የሚወጋ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ያዙ፤ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች በኋላ በጣም ስለሚያሽቆለቁል ከታች እርዳታ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም።

ድንኳኑን እንደደረሳችሁ አትትከሉ። ስኖውሹውን ሳታወልቁ ቦታውን ደጋግማችሁ ርገጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፤ የተረገጠው በረዶ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተያይዞ ይጠነክራል። ካልጠነከረ ሌሊት ጉልበትሽ ይሰረጉድበታል፣ ጉድጓዱም እንዳለ ይቀዘቅዝና ጎንሽን ሲወጋሽ ያድራል። የተለመደው ካስማ ከበረዶ ውስጥ ተነቅሎ ይወጣል። ትንንሽ ከረጢቶች በበረዶ ሞልተሽ፣ ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረሽ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪያቸውና ላያቸውን ርገጪው። በሩ ፊት ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ እግርሽን ሰደሽ ተቀምጠሽ ጫማ የምታደርጊበት ነው፣ ጠዋት ታመሰግኚዋለሽ።

ውሃው ከምታስቢው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ከአዲስ በረዶ 1 ሊትር ውሃ ለማግኘት 10 ሊትር የሚያህል በረዶ ታቀልጫለሽ፣ ለአንድ ሰው ደግሞ በቀን 4 ሊትር ያስፈልጋል። ተራ ቡቴን ያለው የጋዝ ቆርቆሮ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይዳከማል፣ አይሶቡቴን የሚባለው ሌላው የጋዝ ዓይነትም ከዜሮ በታች 12 ላይ ያቆማል፤ ስለዚህ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ምድጃ ያዙና ለአንድ ሰው በቀን 200 ሚሊ ሊትር አስቡ። ምድጃው በረዶውን አቅልጦ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ አድርጊ። ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ ትንሽ ውሃ ሳታስቀምጪ በረዶ አትጨምሪ፣ ድስቱ ያርራል። ድንኳን ውስጥ ግን በፍጹም አታብስሉ። ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንፋሎቱም ጣሪያው ላይ በረዶ ሆኖ ያድርና ጠዋት ላያችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ለመኝታ ከመሬት የሚመጣው ብርድ ከአየሩ ይብሳል። ሁለት ፍራሽ ደርቢ፣ ስፖንጁ ከታች፣ በአየር የሚነፋው ከላይ፤ የመከላከል አቅማቸው፣ አር የሚባለው ቁጥር፣ ተደምሮ ቢያንስ 5 ይሁን። የመኝታ ከረጢትሽ ከተተነበየው የሌሊት ብርድ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ የሚበልጥ መቋቋም ይኑረው። አፍሽን ከውስጡ አትክተቺ፣ ትንፋሽሽ ያረጥበዋል። ፈላ ያለ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በካልሲ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊ። ጫማሽንም በከረጢት አድርገሽ አብሮሽ ይደር፤ ውጭ ካደረ ጠዋት ድንጋይ ይሆናል። የተረፈውን የውሃ ጠርሙስ ደፍተሽ አስቀምጪው፣ በረዶው የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ አፉ አይዘጋም። ሽንትሽ ከመጣም አትታገሺ፣ ውጪና ተመለሺ፤ ይዘሽው መተኛት እንቅልፍሽን ብቻ ነው የሚነሳሽ።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ከተደናቀፈ፣ ዚፕ መዝጋት ካቃተው ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ነው፤ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ጣት ነጭ ሆኖ ከደነዘዘ ብብት ውስጥ ይደረግ እንጂ አይታሽ፣ በበረዶማ በፍጹም።

የስኖውሹው ማሰሪያ ሊበጠስ ስለሚችል ትርፍ ማሰሪያና የፕላስቲክ ማሰሪያ ያዢ። ቤት ሆነሽ ጓንት አድርገሽ ማሰርና መፍታት ተለማመጂ፤ በጓንት ካልቻልሽ እዚያ ባዶ እጅሽን ነው የምታወጪው።

ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበትን መንገድ፣ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ፣ የምትመለሱበትን ሰዓትና ካልደወላችሁ ለነፍስ አድን የምደውልበትን ሰዓት ጽፈሽ ላኪልኝ። ያ ሰዓት ካለፈ አንድ ደቂቃም አልጠብቅም።

እናትሽ