የቤት ጋራዥ በር ላይ ሁለቱንም ሞላ ለምን እንደምንቀይር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳመነታ ቆየሁ። ጽሑፍ ሙያዬ አይደለም። ባለፈው እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ የማከብራቸው አባት እጄን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝና «ልጄ፣ አንተም ሐበሻውን መብላት ጀመርክ አሉ» አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ስደርስ ምሳው አልወርድ አለኝ።

ነገሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከጥር ወዲህ መኪና በምታስገቡበት ባለ ሁለት ሞላ የቤት ጋራዥ በር ላይ አንዱ ሲበጠስ አንዱን ብቻ አንቀይርም። ሁለቱንም ነው የምንቀይረው። ከኦንላይን ገዝታችሁ ያስቀመጣችሁትን ሞላም አንገጥምም። መጥቶ ለማየት ደግሞ 65 ዶላር እናስከፍላለን፤ ሥራውን ከሰጣችሁን ከሒሳቡ ይቀነሳል። ይህን ሁሉ አስቀድመን መንገር ነበረብን፤ አልነገርናችሁም። ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት መኪናችሁ ጋራዥ ውስጥ ተዘግቶበት፣ እኛ ደጃፋችሁ ላይ ቆመን፣ እናንተ ከሥራ እየቀራችሁ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው። ይቅርታ።

ውሳኔውን ግን አላጥፈውም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከሞላው ልጀምር። ልጆቻችሁ ስፕሪንግ ይሉታል፤ እኔ አዲስ አበባ የመካኒክ ሰፈር ስላደግሁ ሞላ ነው የምለው። (ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ ስፕሪንግ መሸጤ እንደሚያስቃችሁም አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሳቃችሁብኝ!) ብዙ ሰው በሩን የሚያነሳው ጣራው ላይ የተሰቀለው ሞተር ይመስለዋል። አይደለም። ሁለት መኪና የሚያስገባው 16 ጫማ በ7 ጫማ በር እንደ ዓይነቱ 150 ፓውንድም፣ 200 ፓውንድም፣ ከዚያ በላይም ይመዝናል። ያን ክብደት የሚሸከመው ከበሩ በላይ ዘንጉ ላይ የተጠመዘዘው ሞላ ነው። ሞተሩ ሚዛኑን የጠበቀ በር ይስባል፣ ይገፋል፤ በቃ። ሞላው ሲበጠስ ሞተሩ እያቃሰተ በሩን ጥቂት ኢንች አንስቶ የሚቆመው ለዚህ ነው። ከዚያ ትደውሉና «ሞተሩ ተቃጠለ» ትሉኛላችሁ። «ማታ ጋራዥ ውስጥ እንደ ጥይት የጮኸ ነገር አልሰማችሁም?» እላለሁ። «አዎ፣ ዕቃ የወደቀ መስሎን ነበር!» ትላላችሁ። የጮኸው ሞላው ነው።

የሞላ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በመክፈትና በመዝጋት ነው። መደበኛው ሞላ ለ10,000 ዙር ነው የሚሠራው። ተከፍቶ ሲዘጋ አንድ ዙር ነው። በቀን 4 ጊዜ የሚከፈት በር ላይ 7 ዓመት ገደማ ያገለግላል። እኛ ቤት ግን ዋናው በር ለፖስተኛና ለእንግዳ ነው፤ የቤቱ ሰው የሚገባውም የሚወጣውም በጋራዥ ነው። አባት ለሌሊት ሥራ ይወጣል። እናት ከሌሊት ሥራ ትገባለች። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ኮዱን ነክተው ይገባሉ። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ሽንኩርቱ የሚቁላላው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በሩ ለጭሱ ሲባል ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል። በቀን 8 ጊዜ በሉት፤ ያ ሞላ ሦስት ዓመት ተኩል ቢቆይ ነው።

ሁለቱ ሞላዎች የተገጠሙት በአንድ ቀን ነው። እኩል ዞረዋል፣ እኩል ደክመዋል። አንዱ ሲበጠስ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ነው።

ይህን ድሮም አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን እስካሁን አንዱን ብቻ ትቀይር ነበር ካላችሁኝ፣ መልሱ ይሉኝታ ነው። አምና መጋቢት ላይ አንዲት እህታችን «የተበጠሰውን ብቻ አድርግልኝ፣ ይህ ወር ከብዶኛል» አለችኝ። አሳዘነችኝ። አንዱን በ190 ዶላር ቀየርኩላት። ሌላው ብዙ እንደማይቆይ ነግሬያታለሁ፤ ግን በር የተከፈተለት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያዳምጥም። ዘንድሮ የከተራ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ያችው እህታችን ናት፣ ሁለተኛው ሞላ ተበጥሷል። ውጭው በረዶ ነው። ሞላ እንዲህ ያለ ብርድ ይወዳል፤ የደከመው ሁሉ የሚበጠሰው በእንዲህ ያለ ሌሊት ነው። የጠዋት ተረኛ ነርስ ናት፤ መኪናዋ ውስጥ ቀርቷል። «አንተ የሠራኸው አይደል እንዴ?» አለችኝ። እኔ የቀየርኩት ሌላኛውን ነው ብዬ በዚያ ሰዓት ምን አስረዳታለሁ? ጃኬቴን ፒጃማዬ ላይ ደርቤ ሄድኩ። መሰላሉ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ፣ ረዳቴ እግሩን ይዞልኝ ሠራሁት። አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ተቀይማኛለች። አልፈርድባትም፤ ከሥራ አርፍዳለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦት ስንሸኝ ልቤ ከሞላው ጋር ነበር። ሁለት ጊዜ ሠርቼ፣ አንዱን በነፃ ሠርቼ፣ ስሜ ጠፋ። አሁን ሁለቱን ባንድ ጊዜ በ330 ዶላር ነው የምንቀይረው። ለየብቻ ቢሆን 380 ይመጣ ነበር፤ በዚያ ላይ ሁለተኛው የሚበጠስበትን ቀን እናንተም እኔም አንመርጠውም።

ከኦንላይን ስለሚገዛው ሞላ ደግሞ ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ የሆነውን ልንገራችሁ። ደንበኛችን ጨዋ ሰው ነው፤ ሞላውን በርካሽ ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። ለካሁት። የተበጠሰው የሽቦ ውፍረት 0.250 ኢንች ነው። የገዛው 0.234 ነው። በዓይን አይለይም፤ እኔም ሳልለካ አለየውም። ርዝመቱ እኩል ነው፣ ቀለሙ እኩል ነው። «ግድ የለም ግጠመው፣ ኃላፊነቱ በኔ» አለኝ። ያኔ እምቢ ማለት አልችልም ነበርና ገጠምኩት። ለ7 ጫማ በር እንደሚደረገው ሩብ ሩቡን 30 ጊዜ ያህል ጠመዘዝኩ። ከዚያ በሩን በእጄ እስከ ወገቤ አንስቼ ለቀቅ አደረግሁት። ደህና በር እዚያው ይቆማል። ያ በር መሬት እስኪደርስ አልጠበቀኝም፤ እግሬን ያዳነኝ የጫማዬ አፍንጫ ብረት ነው። መልሼ ፈታሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠርቼ ምንም ሳልሠራ ወጣሁ፤ እሱም ተናደደ።

እባካችሁ ራሳችሁም አትሞክሩት። የተጠመዘዘ ሞላ ያን ሁሉ ክብደት የሚያነሳ ጉልበት ይዞ ተቀምጧል። እኛ የምንጠመዝዘው ለዚሁ በተሠሩ ሁለት የብረት ዘንጎች ነው። በካቻቪቴ የሞከረ አንድ ወዳጅ አለኝ። ጣቱ ተርፏል፤ የፊት ጥርሱ ግን አልተረፈም።

አሁን ወደ ዋጋው። ከኔ ጋር የቆያችሁ የድሮውን ዋጋ ስለምታስታውሱ ነው የምታዝኑብኝ። እኔም አስታውሰዋለሁ። ሞላው ብረት፣ በሩ ላሜራ፣ ሐዲዱ ብረት፣ ካቦው ብረት ነው። በ2018 ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። በጁን 2025 ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። «የምትገዛው እዚሁ የተሠራውን አይደል?» ያለኝ አለ። አዎ፤ ግን የውጩ ሲወደድ የአገር ውስጡም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የኢንሹራንሱን ነገር ተዉት። ረዳቴም አግብቶ ልጅ ወልዷል፤ በድሮው ደሞዝ ላቆየው ብል በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?

65 ዶላሩ የመጣው ዋሽንግተንን ከሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ከቤልትዌይ መጨናነቅ ነው። ከሜሪላንድ ጌይተርስበርግ እስከ ቨርጂኒያ ውድብሪጅ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መንዳት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አንድ ወንድማችን አራት ባለሙያ በነፃ ጠርቶ፣ ሁላችንንም አስለክቶ፣ የኔን ልኬት ወረቀት ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። ልኬቱ ትክክል እንደነበር ሰምቻለሁ። ቢያንስ እሱ ደስ ብሎኛል።

ስለኔ ትንሽ ልበል፤ አንዳንዶቻችሁ አዲስ ናችሁ። በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ የገባሁት ዲሲ ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ ቲኬት እየቀደድኩ። የፓርኪንጉ በር በየሳምንቱ ይበላሽ ነበር። ሊጠግን የሚመጡት አንድ የኤል ሳልቫዶር ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉ፣ እኔም አልችል። መፍቻውን አቀብላለሁ፣ እሳቸው በእጃቸው ያሳዩኛል። ሙያውን የተማርኩት እንዲያ ነው፤ በሁለት ዓመት ምናልባት መቶ ቃል ብናወራ ነው። በኋላ ያረጀ ቫን ገዝቼ ብቻዬን ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ እናንተ ናችሁ። እናቴ አዲስ አበባ ላሉ ጎረቤቶች «ልጄ አሜሪካ ጋራዥ ከፈተ» ብላ ስላወራች እስከ ዛሬ የቪትዝ ፍሬን ሸራ ላክልን የሚለኝ ዘመድ አለ። ጋራዥ ሳይሆን የጋራዥ በር ነው ብዬ ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

«ውድ በር ነው የሚያሻሽጠው» የሚለውም ወሬ ደርሶኛል። ይሄ ትንሽ አሞኛል። ጋራዡ ከቤቱ ተለይቶ ብቻውን የቆመ ሰው ሲጠይቀኝ ባለ አንድ ንጣፍ ላሜራ ይበቃሃል ነው የምለው። ከጋራዡ በላይ መኝታ ቤት ካለ ግን ውስጡ በፎም የተሞላ በር ግዙ እላለሁ፤ ልጅ የሚተኛው እዚያ ነው። ሞተሩም በካቴና ሳይሆን በቺንጋ የሚሠራው ይሁን። ካቴናው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ግን ሌሊት 9 ሰዓት አባት ሲገባ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የላሜራው ቁጥር ደግሞ እንዳያታልላችሁ፤ 24 ጌጅ ከ27 ጌጅ ይወፍራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብረቱ የሚበዛው። ታውን ሐውስ (ተያያዥ ቤት) ያላችሁ ቀለምና መስኮት ከመምረጣችሁ በፊት ኤችኦኤውን፣ ማለትም የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ደንበኛዬ ቡናማ አስገጥሞ ነጭ እንዲያደርግ ደብዳቤ ደርሶታል። ያኔም የተወቀስኩት እኔ ነኝ።

አንድ ሌላ እምቢ ያልኩት ነገር አለ፤ በእሱም የተቀየማችሁኝ አላችሁ። ከበሩ ግራና ቀኝ ታች ያሉትን ሁለት ዓይኖች (ሴንሰሮች) ማለቴ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ከሥሩ ነገር ካዩ ያስመልሱታል። ከ1993 ወዲህ ለዚህ አገር የመኖሪያ ቤት የተሠራ የጋራዥ ሞተር ሁሉ በሩ ሰው እንዳይጨፈልቅ መከላከያ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያዛል። ዓይኖቹ ከወለሉ ከ6 ኢንች በላይ መሆን የለባቸውም፤ የሚጠብቁት የሚድኸውን ሕፃን ነውና። «እያስቸገሩን ነው፣ ጣራው ላይ ትይዩ አድርገህ እሰራቸውና ሂድ» የሚለኝ አለ። አላስርም። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኖቹን የሚጋርዳቸው የሸረሪት ድር ወይም የልጅ ብስክሌት ነው፤ ብስክሌቱን አንሱ፣ ዓይኖቹን በጨርቅ ጠረግ አድርጉ፣ ይስተካከላል።

ሥራ እንዲበዛልኝ ብፈልግ የሚከተለውን አልነግራችሁም ነበር። በወር አንድ ቀን በሩ ሲዘጋ ከሥሩ ቱ ባይ ፎር የሚባለውን የግንባታ ጣውላ አስተኙለት፤ ነክቶት ካልተመለሰ ጥሩኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ በሩ ተዘግቶ ሳለ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን የተንጠለጠለ ቀይ ገመድ ሳቡና በእጃችሁ እስከ ግማሽ አንሱት፤ ከወደቀ ወይም ወደ ላይ ከሸሸ ሚዛኑ ጠፍቷል ማለት ነው። ሞላውን፣ ማጠፊያውንና ኩሽኔታውን የሲሊኮን ወይም የሊትየም ስፕሬይ ንፉበት። የተለመደው ዳብልዩ ዲ 40 ስፕሬይ ለዚህ አይሆንም፤ ያለውንም ቅባት አጥቦ ይወስደዋል። ሐዲዱን ግራሶ አትቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል፤ በጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ከጥር በፊት ዋጋ ነግሬያችሁ ሥራው ያልተጀመረላችሁ ካላችሁ በዚያው ዋጋ እሠራለሁ፤ የጽሑፍ መልእክቱን ብቻ አሳዩኝ። ኪሳችሁ ካልቻለ ሁለቱንም ሞላ ቀይሬ በሁለት ወር ክፈሉኝ። ለጡረተኞችና አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች 65 ዶላሩ የለም። ይህን ለሁሉ ሰው አትንገሩብኝ ልል ነበር፤ ደብዳቤ ላይ ጽፌው።

ሞላው ተበጥሶ በሩ ከፍ ብሎ ከቀረ ቀዩን ገመድ አትሳቡ፤ ያ ሁሉ ክብደት ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ልጆቹን ከሥሩ አርቁና ደውሉልኝ። በሩን ሌላ ሰው የገጠመላችሁም ብትሆኑ፣ ተቀይማችሁኝም ቢሆን፣ ደውሉ። ስልኩ ያው የድሮው ነው።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ