የሄዱትን ልጆች ስምም ጻፉልን

ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ከእግር ኳስ ወጣ ብላችሁ አልፎ አልፎ ስለ አሜሪካ ቤዝቦል መጻፋችሁ ደስ ይላል። ዋሽንግተንና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾች፣ በተለይ ልጆች እዚህ ለወለድን፣ ቤዝቦል የራት ላይ ወሬ ከሆነ ቆይቷል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ተጎድቶ ቡድኑ በትሬድ (ተጫዋች በተጫዋች በመለወጥ) ምትክ ሲያመጣ፣ ዘገባችሁ የመጣውን ሰው ስም ጠርቶ ያበቃል። እገሌ ተጎዳ፣ እገሌ መጣ፣ በቃ። ማን ተሰጥቶ መጣ? ውሉ ስንት ወር ይቀረዋል? የተጎዳውስ መቼ ይመለሳል? እነዚህ ካልተነገሩን ቡድኑ ያትርፍ ይክሰር በምን እናውቃለን?

ጨዋታውን ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። በውስጥ ሜዳ ከፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) እና ከካቸሩ (ተቀባዩ) ሌላ አራት ሰዎች ይቆማሉ። አንደኛ ቤዝ፣ ሁለተኛ ቤዝ፣ ሦስተኛ ቤዝ (ኳሷን የመታው ሯጭ በየተራ የሚደርስባቸው ማረፊያዎች)፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ደግሞ ሾርትስቶፕ። ከአራቱ ከባዱ የሾርትስቶፕ ቦታ ነው። መሬት ለመሬት የምትከንፈዋን ኳስ አንስቶ፣ ሯጩ ሳይደርስ አንደኛ ቤዝ ላይ ማድረስ አለበት። እዚያ ቦታ ሰው ሲጎዳ ለጥቂት ቀን ሌላ ሰው ጠጋ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ወር ሲያልፍ ግን ክፍተቱ ለሁሉም ይታያል። ውድድሩ ደግሞ 162 ጨዋታ ነው።

ምትክ ፍለጋውም እንደ አውሮፓ እግር ኳስ አይደለም። ሚሊዮን ከፍሎ ተጫዋች መውሰድ እዚህ አልተለመደም፤ ሰው በሰው ነው የሚለወጠው። ዋናው መገበያያ ገና በታችኛው ሊግ ያሉ፣ ተስፋ የተጣለባቸው ልጆች ናቸው። አስር ዓመት በትልቁ ሊግ የተጫወተና የመጨረሻውን አምስት ዓመት በአንድ ቡድን የቆየ ሰው «አልሄድም» ማለት ይችላል። ልጆቹ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ስልክ ይደወልላቸዋል፣ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ገበያው የሚዘጋው ደግሞ ጁላይ መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚሸጠው ቡድን የገዢውን ችግርም፣ የቀረውን ቀንም ያውቃል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በዚህ ሰዓት ብዙ ቡድን የማይሰጠውን ይሰጣል።

በደንብ የማውቀውን አንድ ምሳሌ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2018 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሾርትስቶፕ ኮሪ ሲገር የቀኝ ክርኑ ጅማት ተጎዳ። ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና አስፈለገው፤ ዓመቱ ለእሱ እዚያው አለቀ። ቡድኑ ወዲያው ገበያ አልወጣም። የመሃል ውጭ ሜዳ የሚጫወተውን ክሪስ ቴይለርን ወደ ሾርትስቶፕ አዙሮ ሁለት ወር ተኩል ታገሠ። በዚህ መሃል እዚህ ከእኛ አጠገብ፣ ባልቲሞር ውስጥ፣ ኦሪዮልስ እየሰመጠ ነበር። ዓመቱን በ115 ሽንፈት ነው የጨረሰው። የቡድኑ ኮከብ፣ ሾርትስቶፑ ማኒ ማቻዶ ውሉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያልቃል። በነፃ ከሚሄድ አንድ ነገር ይምጣበት ተባለ።

የዚያ ዓመት የኮከቦች ጨዋታ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ናሽናልስ ፓርክ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ሜዳ ላይ የታችኛው ሊግ ምርጥ ወጣቶች ተጫወቱ። ዩስኒኤል ዲያዝ የሚባል ኩባዊ የዶጀርስ ልጅ ሁለት ሆም ራን (ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መታ። ይህን ስም ያዙልኝ። ጁላይ 17 ዋናው ጨዋታ ላይ ማቻዶ በኦሪዮልስ ማሊያ ተሰልፎ፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ከዶጀርሱ ማት ኬምፕ ጋር ሰልፊ ተነሳ። በማግስቱ እሱም ዶጀርስ ሆነ።

ዜናው ሁሉ ማቻዶ፣ ማቻዶ ነበር። ወደ ባልቲሞር የሄዱት አምስት ናቸው፦ ዲያዝ፣ ዲን ክሬመር፣ ራይለን ባነን፣ ዛክ ፖፕ እና ብሬይቪክ ቫሌራ። የስጦታው ዋና ዕቃ ዲያዝ ነው ተባለ። ሌሎቹ መሙያ ተደርገው ተቆጠሩ።

ታዲያ ምን ሆነ? ዶጀርስ እስከ ዎርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) ደረሰ፣ በቦስተን 4 ለ 1 ተሸነፈ። የመጨረሻዋ አውት፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ከጨዋታ የወጣው መቺ፣ ራሱ ማቻዶ ነበር፤ ክሪስ ሴል የወረወረለትን ስቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። በፌብሩዋሪ 2019 ለአስር ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ሳንዲያጎ ገባ። ዶጀርስ ካሳ እንኳን አላገኘም። ኮከቡ በውል ማለቅ ሲሄድበት ቡድን በወጣቶች ምርጫ (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት) ካሳ የሚያገኝበት ደንብ አለ። ነገር ግን በዓመቱ መሃል በትሬድ ለመጣ ተጫዋች አይሠራም።

ብዙ ሰው ይህን ኪሳራ ይለዋል። እኔ አልስማማም። ሲገር በ2019 እንደሚመለስ የታወቀ ነበር። ዶጀርስ የሚያስፈልገው ለጥቂት ወር ቦታውን የሚይዝ ሰው ነው፤ ያገኘውም እሱኑ ነው። በተሰጡት ልጆች በኩል እንየው። ብዙ የተወራለት ዲያዝ በትልቁ ሊግ ለባልቲሞር ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይሠራ ቀረ። ጉዳት እየደጋገመ በላው። ፖፕ በሌላ ቡድን ተወሰደ። ባነንና ቫሌራም ብዙ አልቆዩም። የተረፈው ክሬመር ነው። በ2020 ለኦሪዮልስ መወርወር ጀመረ፤ ቡድኑ 101 ጨዋታ ባሸነፈበት በ2023 አሥራ ሦስት ድል አስመዘገበ። ዜናው በወጣበት ቀን ይህን ልጅ ስንቱ ጋዜጣ ነው የጠቀሰው?

እስራኤል ላሉ አንባቢዎቻችሁማ ክሬመር ራሱን የቻለ ዜና ነው። ወላጆቹ እስራኤላውያን ናቸው፤ ያደገው ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ነው። በ2023 የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ላይ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ወርውሯል። በአንድ የክርን ቀዶ ጥገና ሰበብ ከሎስ አንጀለስ ወደ ባልቲሞር የተሻገረ ሰው መሆኑ ካልተጻፈ ታሪኩ ጎዶሎ ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ2003 ኦክቶበር ኒው ዮርክ ያንኪስን በ11ኛው ኢኒንግ (ዙር) ሆም ራን ለዎርልድ ሲሪስ ያበቃው ሦስተኛ ቤዙ አሮን ቡን ነበር። ከተማው ሰገደለት። በጃንዋሪ 2004 ከጓደኞቹ ጋር ቅርጫት ኳስ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ውሉ ቅርጫት ኳስ ይከለክላል። ሌላ ሰበብ መፍጠር ይችል ነበር፤ እውነቱን ተናገረ። ቡድኑ አሰናበተው፣ ከ5.75 ሚሊዮን ዶላሩ ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ ሰጥቶ። (ይኸው ቡን ኋላ የያንኪስ አሠልጣኝ ሆነ፤ የሰው ነገር።)

ያንኪስ መጀመሪያ ከቴክሳስ ማይክ ላምብ የሚባል መጠነኛ ሰው አመጡ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ከቴክሳስ አሌክስ ሮድሪጌዝን ወሰዱ። የዘመኑ ምርጥ ሾርትስቶፕ ለዴሪክ ጂተር ሲባል ወደ ሦስተኛ ቤዝ ዞረ። ቦስተን ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሊወስደው ደርሶ፣ የተጫዋቾች ማኅበር የደመወዝ ቅነሳውን አልቀበልም ብሎ ነበር ያመለጠው። በምትኩ ወደ ቴክሳስ የሄደው አልፎንሶ ሶሪያኖ ነው፤ በኋላም ዋኪን አሪያስ የሚባል ወጣት ተጨመረ። ቴክሳስ ወጣቱን የመረጠው ከቀረቡለት ጥቂት ስሞች ውስጥ ነው። ከስሞቹ አንዱ ሮቢንሰን ካኖ እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። ካኖ በያንኪስ ቀርቶ በ2009 ከሮድሪጌዝ ጋር ዋንጫ አነሳ። አንድ የተዘለለ ስም ቴክሳስን ስንት እንዳስከፈለው አስቡት።

ሶሪያኖ ለእኛ ለዋሽንግተኖች ባዳ አይደለም። በ2006 እዚህ 46 ሆም ራን መትቶ 41 ቤዝ ሰርቋል (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ወደሚቀጥለው ቤዝ ደርሷል)። ያ ኩባዊ ልጅ ዲያዝ በ2018 ሁለት ሆም ራን ሲመታ ደግሞ፣ በዚያ የወጣቶች ጨዋታ ይህን ከእሱ በፊት ያደረገው በ1999 ሶሪያኖ ብቻ ነበር። ሁለቱም ለተጎዳ የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ምትክ ዋጋ ሆነው የተሰጡ ሰዎች መሆናቸው ሁሌ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። በ2019 ኤፕሪል 2 የዋሽንግተኑ ቡድን የናሽናልስ ሾርትስቶፕ ትሬ ተርነር በተወረወረ ኳስ የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ተሰበረ። ቡድኑ ሲንገዳገድ ከረመ። ያኔ ቡና ላይ የምንገናኝ ሰዎች ሁሉ «ትሬድ ያድርጉ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?» እንል ነበር። ቡድኑ ሾርትስቶፕ አልገዛም። ቦታውን ለዊልመር ዲፎ፣ ቀጥሎም ለወጣቱ ካርተር ኪቡም ሰጠ። ኪቡም በመጀመሪያ ጨዋታው ሆም ራን መታ፣ ኳስ ማንሳቱ ላይ ግን አስለቀሰን። ተርነር በሜይ አጋማሽ ጣቱ በወጉ ሳይድን ተመለሰ፤ ቡድኑ ከዚያም በኋላ 19 ድል ለ 31 ሽንፈት ደርሶ ነበር። በኦክቶበር ዋንጫው ዋሽንግተን ገባ። ስድስት ሳምንት ለሚቀር ሰው ሲባል ልጆች ተሰጥተው ቢሆን ኖሮ ማን እንደሚሄድ እንጃ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ተርነር የትሬድ ዕቃ ሆነ። በ2021 ሜይ ሲገር እንደገና ተጎዳ፣ አሁን የተሰበረው እጁ ነው። ጁላይ 30 ዶጀርስ ከእኛ ተርነርንና ፒቸሩን ማክስ ሸርዘርን ወሰደ። ሸርዘር ያ «አልሄድም» የማለት መብት ነበረው፣ ፈቅዶ ሄደ። የሚገርመው ሲገር ከጉዳት የተመለሰው በዚያው ቀን ነው። ላዩን ላየው ሰው ትሬዱ ትርጉም የለውም፤ ሾርትስቶፑ ተመልሶ ሌላ ሾርትስቶፕ ለምን? ውላቸውን ስታዩ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። የሲገር ውል በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፣ ተርነር ግን እስከ 2022 አለ። ለጊዜው ሁለተኛ ቤዝ ላይ አቆሙት። ሲገር በ325 ሚሊዮን ዶላር ቴክሳስ ሲገባ ቦታውን ወረሰ። ዶጀርስ የገዛው ገና ያልመጣውን ክፍተት መሸፈኛ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ብልጠት ውሉ ያልተጻፈበት ዜና ከየት ያሳያል?

ለእኛ የመጡት አራት ናቸው፦ ካቸሩ ኪበርት ሩዊዝ፣ ፒቸሮቹ ጆሳያ ግሬይና ኸራርዶ ካሪዮ፣ እንዲሁም ዶኖቫን ኬሲ። ግሬይ በ2023 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል፣ በኋላ ግን ክርኑን ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ገባ። ሩዊዝ ረጅም ውል ፈርሟል። ሌሎቹ ሁለቱ እዚህ ግባ የሚባሉ አልሆኑም። የኔ ልጅ ዛሬም የተርነርን ማሊያ አልጥልም ይላል። አልፈርድበትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጁላይ የአንድ ቡድን ሾርትስቶፕ ተጎድቶ ምትክ መጣ ስትሉን፣ ከዜናው ግርጌ ሦስት መስመር ጨምሩልን። የተጎዳው በሐኪም ግምት መቼ ይመለሳል? የመጣው ሰው ውል መቼ ያልቃል? በምትኩ እነማን ሄዱ፣ ዕድሜያቸውስ ስንት ነው? የልጆቹ ስም ለጊዜው ለማንም ምንም ላይመስል ይችላል፤ ቢሆንም ይጻፍ። ከተቻለም ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ያንኑ ዜና አንስታችሁ የት እንደደረሱ ንገሩን። ለዚህ የሚረዳችሁ ሰው ካጣችሁ እዚህ ሰፈር የሚያግዝ አይጠፋም፣ እኔም አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ