የክበባት ዘገባ፦ ዲኤክሷን ዝቅ ያደረግንበት ዓመት

ዘንድሮ አውቶሞቲቭ ክበብን የተቀላቀሉት ተማሪዎች አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ነው የመጡት። "ቲቸር፣ ዲኤክሷን ዝቅ እናድርጋት?" ዲኤክስ የምንላት የክበባችንን አሮጌ ኮሮላ ነው። ጥያቄው ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርት መኪና የመግዛት አቅም ያለው ወጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ አሮጌ ኮሮላ ይገዛል፣ ቸርኬ ይቀይራል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ከዚያ ጋራዥ ሄዶ ዝቅ እንድትል ሞላዋን ያስቆርጣል።

ምኞቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ዲኤክሳችን ኬ.ኢ. 70 የምትባለዋ ኮሮላ ናት። የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። ፊቷ ማክፈርሰን ስትራት (ሞላውና መዝለሉን የሚገታው አሞርዛተር በአንድ ላይ የተሠሩበት)፣ ኋላዋ ድፍን አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ ዘንግ) ከነሞላው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተችው ዝነኛዋ ስፖርት ኮሮላ ኤ.ኢ. 86ም እግሯ (ጎማውን ከአካሉ የሚያገናኘው ክፍል) የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ትልቁ ልዩነት ሞተሩ ላይ ነው። ዲኤክስ ላይ እግር ሥራ የተማረ ልጅ የስፖርት መኪና እግርም አይጠፋበትም።

የክበቡ ካዝና የአባላት መዋጮ ብቻ ነው። ከፍታው የሚስተካከል አዲስ ሞላና አሞርዛተር ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ርካሹን መንገድ፣ ሞላ መቁረጥን መረጥን። ግን አንድ ደንብ አወጣን። ሒሳቡ ሰሌዳ ላይ ሳያልቅ ግራይንደር የሚነካ የለም።

የመጀመሪያው ክርክር ቀላል ይመስላል። አንድ ጥምዝ፣ ማለትም የሞላውን አንድ ዙር፣ ብንቆርጥ መኪናዋ ስንት ትወርዳለች? አብዛኞቹ "በነፃው፣ ማለትም ባልተጫነው ሞላ ላይ በጥምዝና በጥምዝ መካከል ያለውን ያህል" አሉ። ሰሌዳ ላይ ምሳሌ ሠራን። 5 የሚሠሩ ጥምዞች ያሉት ሞላ እንውሰድ። ነፃ ሲሆን ከጥምዝ እስከ ጥምዝ 55 ሚሊ ሜትር ነው። ጥንካሬው በሚሊ ሜትር 20 ኒውተን፣ የተሸከመው ክብደት 2,000 ኒውተን ነው። ሲጫን 100 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል፤ ለእያንዳንዱ ጥምዝ 20 ይደርሰዋል። አንዱን ስንቆርጠው 4 ይቀራሉ። ጥምዝ ሲቀንስ ሞላ ይጠነክራል፣ ስለዚህ 20 የነበረው 25 ይሆናል። መጨመቁ ደግሞ 80 ላይ ይቆማል። መኪናዋ የምትወርደው 55 ሳይሆን 35 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያየችውን ማንም አላየም። 35 ማለት ሞላው መኪና ተሸክሞ ቆሞ ሳለ ከጥምዝ እስከ ጥምዝ ያለው ርቀት ነው። "ታዲያ ምን ያስፈታናል? መኪናዋ መሬት ላይ እንደቆመች እንለካው!" ብላ ሜትሯን ይዛ ከፊት ጎማው ጀርባ በጀርባዋ ተኛች። በአንድ እጇ ባትሪ፣ በሌላው ሜትር። ጭቃውን በጣቷ ጠርጋ ከአንዱ ጥምዝ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ለካች። በዓመቱ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። የሰፈራችን መካኒክ፣ ልጆቹ "ጋሼ" የሚሉት፣ ይህን ሲሰማ እሱም ወርዶ ለካ።

ሞላ ስንፈታ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። የምሳሌያችን ሞላ 100 ሚሊ ሜትር ሲጨመቅ 100 ጁል ጉልበት ይይዛል። 10 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈው ያህል ማለት ነው። ይህ ፊት ላይ ቢፈነዳስ? ስለዚህ መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንስተን አናውቅም፤ ሁልጊዜ ከሥሯ የብረት መደገፊያ አለ። ሞላውን የምንጨምቀው ትይዩ በሆኑ ሁለት መጨመቂያዎች ነው፣ የፈታው ጋሼ ነው፣ ልጆቹ ከጎን ሆነው አዩ።

በእሳት መቁረጥና ማሞቅ የሚባለውን አጥብቄ ከልክያለሁ። በየሰፈሩ ሞላውን በጋዝ እሳት አሙቀው "ቁጭ" የሚያደርጉ አሉ። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በገዛ ክብደቷ መኪናዋ እየሰመጠች ትሄዳለች። እኛ በግራይንደር፣ በየጊዜው እያቀዘቀዝን ቆረጥን። ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው እንደማይወጣም አረጋገጥን። ከወጣ ሥራው እዚያው ያበቃ ነበር።

ከአንድ ጥምዝ በላይ ግን እምቢ አልኩ። ልጆቹ ተከራከሩኝ፣ መልሱን ግን ራሳቸው ከመኪናዋ ሥር አገኙት። ማክፈርሰን ላይ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) አግድም አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲወርድ ብራቾው ወደ ጎማው በኩል ሽቅብ ያዘነብላል። ያኔ መኪናው ኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚያዘምበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ፈጥኖ ይወርዳል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም ይረዝማል። ሞላው ባይጠነክር ኖሮ ኩርባ ላይ ከበፊቱ ይብስ ታዘም ነበር። ጎማውም ከውስጥ በኩል ይበላል። ለዚህ ነው ሥራው እንዳለቀ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከል) ያሰራነው።

ትንሽ ያስከፋቸው ሒሳብም ነበር። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ብንል፣ የማዕከሉ 35 ሚሊ ሜትር መውረድ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ጎማዎች የሚሻገረውን ክብደት የሚቀንሰው በ7 በመቶ ብቻ ነው። ለዓይን ብዙ፣ ለመንገድ ጥቂት። የተሻለ ለውጥ ያየነው ከሶማሌ ተራ በገዛናቸው ቦኮላዎችና (በእግሩ መጋጠሚያዎች ላይ የሚገቡ ጎማዎች) ደህና አሞርዛተሮች ነው። አጭር ሞላ ባረጀ አሞርዛተር ላይ ሲገባ መኪናዋ ትዘላለች። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ብሩ አንድ ከሆነ መጀመሪያ ቦኮላ፣ ቀጥሎ አሞርዛተር፣ መጨረሻ ላይ ቁመት።

መንገዳችንንም አልረሳነውም። ኮፓው (የሞተሩ ዘይት መያዣ) እና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ከመሬት ያላቸውን ርቀት ለክተን፣ በየትምህርት ቤቱ በር ካለው ስፒድ ብሬከር ጋር አነጻጸርን። በክረምት ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም። አንድ ጥምዝ ላይ የቆምንበት ሁለተኛው ምክንያት ይሄ ነው። የፊት መብራቶቹም ወደ ታች ስላዩ አስተካከልናቸው።

ለመጪው ዓመት የቀረን የኋላው አክስል ነው። ኋላውንም ስናወርድ አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግ አንግሉ ስለሚቀየር አክስሉ ወደ አንድ በኩል በጥቂቱ ይገፋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ በብየዳ ክፍላችን መሥራት እንችላለን ብለን ሥዕሉን ጀምረናል። የኬ.ኢ. 70 የኋላ አሞርዛተር ያለው ወላጅ ካለ፣ ያረጀም ቢሆን ለመፈታታትና ለማጥናት እንፈልገዋለን። ክበቡ ዓርብ ከሰዓት ወርክሾፕ ውስጥ ይገኛል።