የእንስሳት ፊዚዮሎጂ መምህር ቅጥር ውጤት የት ደረሰ? ለዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

ይህንን ጉዳይ አስቀድሜ በቃል፣ ቀጥሎም በጽሑፍ ለቢሮዎ አቅርቤ ነበር። ያገኘሁት መልስ «እየታየ ነው» ከሚለው አላለፈም። እንግዲህ በአደባባይ ልጠይቅዎ።

የፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የአካል አሠራር ትምህርት፣ መምህራችን በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ የወጣው የሌክቸረር ቅጥር ማስታወቂያ በእንስሳት ፊዚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቅ ነበር። የጽሑፍ ፈተናው፣ ቃለ መጠይቁና የማስተማር ማሳያው በሥርዓቱ ተካሄዱ። ከፈታኞቹ አንዱ ነኝ። አንደኛ የወጣችው አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት።

ማሳያዋን ቢያዩት ኖሮ! የሀገራችን ላም ጥጃዋ ካልጠባ አልታለብም የምትለው ለምን እንደሆነ ነበር ያስተማረችው። ጥጃው ሲጠባ ስሜቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል፤ በጡቷ ውስጥ ወተት የቋጠሩትን ጥቃቅን ከረጢቶች የከበቡት ሕዋሳት ተኮማትረው ወተቱ ይወርዳል። ላሟ ከደነገጠች አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይህን ሁሉ ያግዳል። ጥጃዋ ለሞተባት ላም ቆዳውን በጭድ ሞልቶ ከፊቷ የማቆም ዘዴ ለምን እንደሚሠራ ስታስረዳ፣ ከገጠር የመጡት ተማሪዎች ከልጅነታቸው የሚያውቁትን ነገር ምክንያት አገኙ። በማስተማር ባሳለፍኩት ዘመን እንዲህ ያለ ትምህርት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ወደ እናንተ ሄደ። ውጤቱ ግን አልተለጠፈም። በምትኩ የደረሰን በዝውውር የተመደበ መምህር ደብዳቤ ነው፤ የተማረው የመኖ ልማት ነው። በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ፊዚዮሎጂ የሙያው እንዳልሆነ ራሱ በስብሰባ ላይ ተናግሯል። ቅሬታዬ ይህን እያወቀ በመደበው ላይ ነው።

ወልዳ ወድቃ መነሣት ያቃታት ላም በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ካልሲየም ነው። ነገር ግን በደም ሥር በጥድፊያ ከተሰጣት ልቧ ሊቆም ይችላል። ካልሲየም በልብ ጡንቻ ላይ ምን እንደሚሠራ በቅጡ ያልተማረ ሐኪም የአንድን ቤተሰብ ብቸኛ ላም በገዛ እጁ ይገድላል። ይህ ትምህርት የሚሰጠው በዚህ በተድበሰበሰው የሥራ መደብ ላይ በሚቀመጠው መምህር ነው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ንም ሆነ የራሳችንን የቅጥር መመሪያ ያውቁታል። በማስታወቂያ ተወዳድሮ ያለፈን ሰው በዝምታ ማስቀረት የተፈቀደው በየትኛው አንቀጽ ነው?

ተወዳዳሪዋ ደውላ ስትጠይቀኝ ምስጢር ጠብቄ «ዩኒቨርሲቲው ያሳውቅሻል» ብያት ነበር። እስካሁን ያሳወቃት የለም። ውጤቱን በሰሌዳ ላይ ይለጥፉ፤ ምደባውን ይሻሩ። አልሽርም የሚሉ ከሆነም ምክንያቱን ፊርማዎ ባረፈበት ደብዳቤ ለእርሷም ለትምህርት ክፍላችንም ያሳውቁ።

ከፈታኝ ኮሚቴው አባላት አንዱ