ይድረስ ለፍሬን

ጎንደር፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ፍሬን፣

እንደምን ከረምክ? ልጆችስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥምቀት በሰላም አለፈ። እኔም ከሰሞኑ ሩጫ ዛሬ ገና ቁጭ ማለቴ ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትል ይሆናል። ብደውል ድምፅህን ስሰማ ሌላ ወሬ ውስጥ እገባለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

የብስክሌት ማኅበራችን አያ ዐረፉ። ባለፈው ሐምሌ። ይሄኔ ከሰው ሰምተህ ይሆናል። ከእኔ መስማት ነበረብህ፤ አልነገርኩህም።

በኔትወርክ ላሳብብ ነበር። በ2015 ነሐሴ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ መንገዱም እንደሰማኸው ሆነ፣ ለስንት ወር ከአዘዞ ወዲያ የነዳ የለም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ቆየ። የጠፋሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ። ቁልቁለት ነውና ቀስ ብለህ ውረድ።

መጀመሪያ ግን ስለ አያ ላውራህ፤ አምሮኛል።

ቀብሩ ልደታ ነበር። ዝናቡን ታውቀዋለህ፣ የጎንደር ሐምሌ ነው። ሁላችንም ብስክሌታችንን እየገፋን በእግር ሄድን። ቢያንኪ ብስክሌታቸውን ልጃቸው ገፋት። ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠሩ ከአዲሶቹ ልጆች አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ማን ናቸው?» አለኝ። ብታምንም ባታምንም ለአፍታ እኔም ግራ ገባኝ። ለካ ለሁሉም ስም ያወጡ ሰው የራሳቸውን ስም አስረስተውናል። አንተን ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ወለቃ ስንወርድ ፍሬን እንደጨበጥክ ስለምትጨርስ «ፍሬን» አሉህ። እኔን ሁሌ መጨረሻ ስለምደርስ «ጭራ»።

«ኮርቻ ላይ አንቱ የለም» የምትለዋ ሕጋቸው ትዝ ትልሃለች? ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው «ግፋ አያ! ምን ትተኛለህ!» እያልን አብረን ዳገት እንወጣለን። እግር መሬት ሲነካ ደግሞ ከመቀመጫችን እንነሣላቸዋለን። አንተ ከሄድክ በኋላ አንዱ አዲስ ገቢ ከብስክሌት ወርዶ ረሳውና «አያ፣ ውሃ አቀብለኝ» አላቸው። የቀመሳት ኩርኩም እስከ ጠዳ ድረስ ታሳክከው ነበር።

ውሃም ብሎ ነገር የለም። ኮዳቸው ውስጥ ያለው በሶ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይከቱና ፒያሳ ፖስታ ቤቱ ፊት ይመጣሉ። ኮዳዋን ግራና ቀኝ እየናጡ። አሁን ፒያሳን ብታያት አታውቃትም፣ ኮሪደር ልማቱ መልኳን ቀይሮታል፣ የፋሲል ግቢም ታድሷል። እኛ ግን የምንሰባሰበው እዚያው ነው።

ደግሞ ያ ሜልቦርናቸው! ስንት ጊዜ ሰማነው ጃል? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 መሆኑን፣ ብስክሌተኞቻችንም እዚያ እንደነበሩ። ገረመው ደንቦባን ሲያነሱ ኮፍያቸውን ያወልቁ ነበር። «አበበ ሮም ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት እኛ ሜልቦርን ነድተናል» ይላሉ። «እኛ» የሚሉት ያኔ የ4 ዓመት ሕፃን ሆነው ነው። የውድድሩ መንገድ 187 ኪሎ ሜትር ነበር። «ከዚህ ባሕር ዳር ሄደህ፣ ትንሽ ጨምርበት» እያሉ ያስለኩናል። በ2008 ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ሲገባ ሻይ ቤቱን ሙሉ በጩኸት ኳሱን ያስቀየሩት ቀን አንተም ነበርክ። ባለፈው መስከረም ደግሞ የመንገድ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮናው ኪጋሊ ላይ ተካሄደ፣ አፍሪካ ውስጥ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ወር ብቻ ቢቆዩ ያዩት ነበር። ይሄ ነገር እስካሁን ያበሽቀኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይኔ ላይ የቀረው ጎማ ሲለጥፉ ነው። ማክሰኝት ሳንደርስ ፈነዳብኝ። የሚታይ ውሃ የለም። አያ የውስጡን ጎማ አወጡ፣ ትንሽ ነፉት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸውን እያስነኩ ቀስ ብለው አዞሩት። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚች ጋ ትተነፍሳለች» አሉ። እኔ ብዳስሰው ብዳስሰው ምንም የለም። ምራቃቸውን ቀቡት፣ ጤፍ የምታህል አረፋ ብቅ አለች። በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፣ ማስቲሽ ቀቡ። ልለጥፍ ስል እጄን መቱኝ። «አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገምለት፣ ያኔ ይደርሳል።» ሁለታችንም አስፋልት ዳር ተንበርክከን ደገምን። በጭነት መኪና የሚያልፈው ሰው ምን መሰለው እላለሁ። እስከ ዛሬ ጎማ ስለጥፍ ሰዓት አላይም።

ሌላም አለ። ለስንት ዓመት ከኋላ ከእኔ ጋር ሲነዱ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነው ብዬ ነበር። አንድ እሑድ ከአዘዞ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሰንሰለቴ ተበጠሰ። ልጆቹ ቀድመውናል፣ መፍቻው እነሱ ጋ ነው። «ቆይ፣ ልጥራቸው» ብለው ተነሡ። ፍሬን፣ ሰውዬው ከኮርቻቸው ብድግ አሉና ያንን ዳገት እንደ ሜዳ በረሩበት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ሲጠብቁኝ ነው የኖሩት። ሲመለሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው «ዳገቱ አደከመኝ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል?

እንግዲህ ወደ እኔ ጉድ ልምጣ።

ፊኒክስ ብስክሌትህን ሸጥኳት። በ2016 ጥቅምት። ቱሪስት የሚባል የለም፣ የማስጎብኘት ሥራው ቆሟል፣ የቤት ኪራይ ሦስት ወር አልፎብኛል። እጄ ላይ ያለው የሚሸጥ ነገር አንተ «ጠብቅልኝ» ብለህ የሰጠኸኝ ብቻ ነበር። 6 ሺህ ብር። በሳምንቱ ደወልክና «ፊኒክሴ እንዴት ናት?» አልከኝ። «ደህና ናት፣ በየቀኑ እወለውላታለሁ» አልኩህ። መወልወሉን ምን ጨመረው! ከዚያ በኋላ ስልክህ ሲጠራ ማየት እንኳን አቃተኝ።

የገዛት የአዘዞ ልጅ ነው። አያ ደግሞ የማኅበሩን ብስክሌት ሁሉ ከፔዳሉ በላይ በሚስማር ጭረው ምልክት እንደሚያደርጉበት ታውቃለህ። ልጁ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ አዩት። እሱን ምንም አላሉትም። እንዲያውም «እሑድ ና» ብለው ማኅበሩ ውስጥ አስገቡት። ወደ እኔ መጡና «የፍሬንን ፈረስ አዘዞ አየኋት። ነገርከው?» አሉኝ። «አልነገርኩትም።» «ንገረው።» በቃ፣ ይቺን ብቻ። አልተቆጡም፣ ለማንም አላወሩም። በየእሑዱ ግን ኮዳቸውን እየናጡ «ነገርከው?» ይሉኛል። እየቆየ መጠየቁንም ተዉት፣ ዓይኔን ማየት ብቻ ሆነ። እሱ ባሰ።

ከማረፋቸው ዐሥር ቀን በፊት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋ ላይ ናቸው። ያ እግር ጋቢው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለ ጎማ፣ ስለ ዝናብ ትንሽ አወራን። ከዚያ ድንገት «ፍሬን ምን አለህ?» አሉኝ። አየህ፣ ነግሬው ይሆናል ብለው ነው። እኔም «ግድ የለም አለኝ» አልኳቸው። «አውቀው ነበር» አሉና ደስ አላቸው። እትዬ ቡናውን ሲያቀርቡ እንኳን ፈገግታቸው አልጠፋም። እኔ ቡናው አልወርድ አለኝ።

በውሸት ሸኘኋቸው። አንተ ግን አሁን «ግድ የለም» የማለት ዕዳ የለብህም። ከፈለግህ ስደበኝ። ስድብህ ናፍቆኛል፣ የምሬን ነው።

ብሩን በሁለት ጊዜ እልክልሃለሁ። በጥምቀቱ ትንሽ እንግዳ መጥቶ ነበር፣ ግማሹ ተዘጋጅቷል። በዛሬ ዋጋ ምን ያህል እንደምትገዛ አጣርቻለሁ፣ 6 ሺህ ብዬ አላታልልህም። ብስክሌቷን ራሷን ልመልስልህ ፈልጌ ልጁን ለምኜዋለሁ፣ እምቢ አለ። አረንጓዴ ቀብቷታል። እውነቱን ልንገርህ? ያቺ የወለቃ ቁልቁለት ላይ እንዲህ እንደምትሄድ አላውቅም ነበር።

ደወሏን ግን አልሸጥኩም። ልጁ ሊወስዳት ሲመጣ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። የጎረቤት ልጆች ባለፉ ቁጥር ያንጫርሩታል። ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ይነሣል። ሰፈርህን ቀይረሃል አሉኝ፤ የት እንደሚያገኝህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ
ጭራ